የቤት መዝገብና የባለሙያው ነጻነት

(ለሒሳብ ባለሙያዎች ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)




የሒሳብ ባለሙያ በሥራው ላይ ሲታይ ጥንቁቅ ሰው ነው። ማዘዣ ሳይፈረም ገንዘብ አያወጣም፤ ደረሰኝ ሳያይ ወጪ አይመዘግብም፤ በወሩ መጨረሻ የባንኩ መግለጫና የመዝገቡ ቀሪ በአንዲት ብር ቢለያዩ ልዩነቱን እስኪያገኝ ድረስ ዕረፍት የለውም። ይኸው ሰው ማታ ወደ ቤቱ ገብቶ ደመወዙ በሠላሳ ቀን ውስጥ የት የት እንደ ሄደ ቢጠየቅ ግን፣ ብዙውን ጊዜ «ኑሮ ወሰደው» ከማለት በቀር የሚያቀርበው ዝርዝር አይኖረውም። በመሥሪያ ቤቱ «ልዩ ልዩ ወጪ» ተብሎ በጅምላ የተጻፈ ሒሳብ አልቀበልም የሚል ባለሙያ፣ በቤቱ ኑሮውን በሙሉ «ልዩ ልዩ ወጪ» አድርጎ ይኖራል።

ስለ ቁጠባና ስለ ቤት አስተዳደር የሚሰጥ ምክር አብዛኛውን ጊዜ በምቾት ላይ ያተኩራል። ቆጥቦ ቤት ስለ መሥራት፣ ልጅን ስለ ማስተማር፣ ለእርጅና ስንቅ ስለ መያዝ ይነገራል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ለሒሳብ ባለሙያ ግን ከዚህ ሁሉ የሚቀድም ጉዳይ አለ፤ ይኸውም የፊርማው ነጻነት ነው። ባለሙያው የሚሸጠው ሸቀጥ የለውም። ለአሠሪው፣ ለባንኩ፣ ለግብር ሰብሳቢውና ለሕዝቡ የሚያቀርበው ፊርማውን ብቻ ነው፤ ፊርማው ዋጋ የሚኖረውም «አልፈርምም» ለማለት የሚችል እንደ ሆነ ነው። የቤት ኪራዩ የጎደለበት፣ የልጁ የትምህርት ቤት ክፍያ ቀኑ ያለፈበት፣ ከሥራ ባልደረቦቹ ሁሉ የተበደረ ሰው ይህችን አንዲት ቃል ለመናገር እጅግ ይቸገራል። ሥራውን ቢያጣ አንድ ወር እንኳ መቆየት የማይችል ባለሙያ በሕግ ነጻ ቢሆንም በኑሮው የታሰረ ነው።

ዓለም አቀፉ የሒሳብ ባለሙያዎች የሥነ ምግባር ደንብ የባለሙያውን ግዴታዎች ከሚፈታተኑት ስጋቶች መካከል የግል ጥቅምንና ማስፈራራትን ይቆጥራል። በኢትዮጵያም የፋይናንስ ሪፖርት አቀራረብ አዋጅ ቁጥር 847/2006 ከወጣ ወዲህ የባለሙያው ኀላፊነት በሕግ ይበልጥ ተጠናክሯል። ይሁን እንጂ ሕግና ደንብ የሚደርሱት እስከ ቢሮው ደጃፍ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሒሳብ፣ ማለትም የቤቱን ገንዘብ፣ የቀኑን ሰዓትና የአእምሮውን ዕውቀት የሚቆጣጠረው ባለቤቱ ራሱ ነው። የዚህ ንግግር ሐሳብም ባጭሩ ይህ ነው፤ ባለሙያው ለሌላው የሚሠራውን ሥራ ለራሱም መሥራት ይገባዋል፤ ይህን ማድረጉም የሙያ ግዴታው አንዱ ክፍል ነው።

ለሰው የማይነገር ችግር

ዶናልድ ክሬሲ የተባለው አሜሪካዊ የወንጀል ጥናት ሊቅ፣ በአደራ የተሰጣቸውን ገንዘብ አጉድለው የታሰሩ ሰዎችን በየእስር ቤቱ እየጠየቀ ያጠናውን ጥናት «የሌሎች ሰዎች ገንዘብ» በሚል ርእስ በ1953 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አወጣ። ያነጋገራቸው ሰዎች ኀላፊነታቸውን በቅን ልቡና የተቀበሉ እንጂ ገና ከጅምሩ ለመስረቅ አስበው የገቡ አልነበሩም። ታዲያ እንዴት ወደቁ? ክሬሲ በሁሉም ዘንድ ሦስት ነገሮች ተከታትለው መገኘታቸውን አስረዳ። በመጀመሪያ፣ ለማንም ሊያካፍሉት ያልቻሉት የገንዘብ ችግር ነበረባቸው። በሁለተኛ ደረጃ፣ ይህ ችግር የተሰጣቸውን አደራ በስውር በመንካት ሊቃለል እንደሚችል ተገነዘቡ። በሦስተኛ ደረጃ፣ ለድርጊቱ ለራሳቸው የሚሆን መልካም ስም አወጡለት፤ «መበደር ነው እንጂ መስረቅ አይደለም፤ በወሩ መጨረሻ እመልሰዋለሁ» አሉ።

በየመሥሪያ ቤቱ ካዝና ድንገተኛ ቆጠራ ያካሄደ ኦዲተር ሁሉ ይህን ታሪክ በልዩ ልዩ መልኩ ያውቀዋል። ገንዘብ ያዡ ጉድለቱ ሲገኝበት የሚሰጠው መልስ ብዙውን ጊዜ «ልመልሰው ነበር» የሚል ነው፤ ምናልባትም እውነቱን ይሆናል። መታወስ የሚገባው ግን መንገዱ የጀመረው ከካዝናው ሳይሆን ከቤቱ መሆኑ ነው። ችግሩ ችግር በመሆኑ ብቻ ሰውየውን አልጣለውም፤ ለሰው የማይነገር መሆኑ ጣለው።

በሀገራችን ባህል ደግሞ የቤትን ጉድ ወደ ውጭ አለማውጣት ክብር ነው። ገመናን መሸፈን ትልቅ ምግባር ተደርጎ ይቆጠራል። የተማረ ሰው፣ ባለ ደመወዝ፣ ባለ ከረባት፣ ይልቁንም በሰፈሩ እድር ገንዘብ ያዥ እንዲሆን የተመረጠ ሰው «ተቸገርሁ» ቢል ውርደት ይመስለዋል። ስለዚህ በዘመድ ሠርግ ላይ ከዐቅሙ በላይ ይሰጣል፤ በበዓል ከጎረቤቱ ላለማነስ ይበደራል፤ ከዚያም ብድሩን በሌላ ብድር ይከፍላል። አባቶች «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ያሉት ለሥጋ ሕመም ብቻ አይደለም። ገመናን ከባዕድ መሸፈን ይገባል፤ ከባለቤትና ከራስ መሸፈን ግን ቤትን ማፍረስ ነው። የቤት መዝገብ ከሁሉ በፊት የሚሰጠው ጥቅምም ይኸው ነው፤ የማይነገረውን ችግር በቁጥር እንዲነገር ያደርገዋል።

ከገንዘቡ በፊት መዝገቡ

የቤት መዝገብ ለመክፈት ትልቅ ዕውቀት አያስፈልግም። አንድ ደብተር ይበቃል። ለሠላሳ ቀን ያህል የወጣው ሁሉ፣ ትንሹም ትልቁም፣ በወጣበት ዕለት ይጻፋል። በዚህ ወር ውስጥ ማንም ሰው ወጪውን ለመቀነስ መሞከር የለበትም፤ ሥራው መመዝገብ ብቻ ነው። ገና ሳይመዘግቡ ለመቆጠብ መነሣት፣ ቆጠራ ሳያደርጉ ጉድለት ለመፈለግ እንደ መሞከር ነው።

ወሩ ሲያልቅ ወጪው በሦስት ይከፈላል። አንደኛው የግድ ወጪ ነው፤ ኪራይ፣ ቀለብ፣ ትራንስፖርት፣ ትምህርት ቤት፣ መድኃኒት። ሁለተኛው የማኅበራዊ ኑሮ ወጪ ነው፤ እድር፣ ሠርግ፣ ለቅሶ፣ ክርስትና፣ ለወላጅና ለዘመድ የሚላክ። ሦስተኛው የፈቃድ ወጪ ነው። ብዙ ሰዎች ሦስተኛውን ክፍል ሲደምሩ ይደነግጣሉ። ለምሳሌ በየሥራ ቀኑ 60 ብር ሳይታሰብበት ከኪሱ የሚወጣበት ሰው፣ በወር 26 የሥራ ቀን ቢኖረው 1,560 ብር፣ በዓመት 18,720 ብር ያወጣል። ይህ ማለት ቡና ይቅር ማለት አይደለም። ከባልደረባ ጋር የሚጠጣ ቡና ከዋጋው በላይ ጥቅም ሊኖረው ይችላል። ነገር ግን ሰው የሚገዛውን ነገር ሙሉ ዋጋ ዐውቆ ይግዛ ማለት ነው።

ይህን ሲሰማ «ደመወዙ የማይበቃ ከሆነ መመዝገቡ ምን ይጠቅማል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። መዝገብ ገንዘብ አይወልድም። ደመወዝ በእርግጥ የማይበቃበት ጊዜ አለ፤ ቆጣቢነት ብቻውን የማይሞላው ጉድለትም አለ። ይሁን እንጂ በወር 3,000 ብር እንደሚጎድለው የሚያውቅ ሰውና እንዲሁ «አይበቃም» የሚል ሰው አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ጉድለቱን በትርፍ ሰዓት ሥራ፣ ርካሽ ቤት በመፈለግ፣ ወይም የደመወዝ ጭማሪ በመጠየቅ ይሞላ እንደ ሆነ ሊያስብ ይችላል፤ በአሠሪውም ፊት ሲቀርብ በቁጥር ይናገራል። ሁለተኛው የሚያቀርበው እሮሮ ብቻ ነው።

አስቀድሞ ማንሣት

አብዛኛው ሰው የሚቆጥበው ከወጪው የተረፈውን ነው፤ ስለዚህም አይቆጥብም፤ ምክንያቱም ወጪ የሚተርፈውን ነገር አይተውም። በአንጻሩ የጡረታ መዋጮን ተመልከቱ። በኢትዮጵያ ሕግ ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ ለጡረታ ያዋጣሉ። የሠራተኛው ድርሻ ከእጁ ሳይገባ ስለሚቆረጥ፣ ሠራተኛው «ይህ ወር ከበደኝ፣ በሚቀጥለው አዋጣለሁ» ሊል አይችልም፤ ሳይሰማውም ለእርጅናው ይቆጥባል።

እቁብ ለብዙ ዘመን ሰዎችን ያገለገለው በዚሁ ጥበብ ነው። የእቁብተኛ ግዴታ ከሌላው ወጪ ይቀድማል፤ ዳኛው አለ፣ ጸሐፊው አለ፣ ዋሱ አለ፣ ከሁሉም በላይ ሐፍረት አለ። ብቻውን አንድ መቶ ብር ማስቀመጥ ያልቻለ ሰው በእቁብ ብዙ ሺህ ብር ያስቀምጣል። ነገር ግን የሒሳብ ባለሙያ እቁብን በባለሙያ ዐይን ሊያየው ይገባል። 12 ሰዎች በየወሩ ሦስት ሦስት ሺህ ብር ቢጥሉ ዕጣው 36,000 ብር ይሆናል። በመጀመሪያው ወር የደረሰው ሰው ያለ ወለድ ተበድሯል፤ በመጨረሻው ወር የደረሰው ያለ ወለድ አበድሯል። የዕቃ ዋጋ በዓመት 20 በመቶ የሚጨምር ቢሆን፣ በዓመቱ መጨረሻ የሚገኘው 36,000 ብር የሚገዛው በዓመቱ መጀመሪያ በ30,000 ብር ይገዛ የነበረውን ያህል ነው። ስለዚህ እቁብ የሚጠቅመው ዓላማ ላለው ሰው ነው፤ ዕጣው ሲወጣ ወዲያውኑ ወደ ታሰበለት ነገር ሊሄድ ይገባል። ዓላማ ያልተቆረጠለት የእቁብ ገንዘብ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሲበተን የታየው ስንት ጊዜ ነው!

ከእቁብ ሌላ በየመሥሪያ ቤቱ የሚቋቋሙ የቁጠባና ብድር ማኅበራት አሉ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሠራተኞች በ1964 እ.ኤ.አ. ያቋቋሙት ማኅበር በሀገሪቱ ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። የእነዚህ ማኅበራት ጥቅም ቁጠባው ከደመወዝ ላይ አስቀድሞ መቆረጡና አባሉ ሲቸገር በታወቀ ወለድ መበደር መቻሉ ነው። ይህ ሁለተኛው ነገር ቀላል ነገር አይደለም። የማኅበር ብድር በሌለበት ሰው ወደ አራጣ አበዳሪ ይሄዳል። አራጣ በወንጀል ሕግ የተከለከለ ነው፤ ሒሳቡም አስፈሪ ነው። 10,000 ብር በወር 10 በመቶ ተበድሮ ወለዱ ከዋናው ጋር እየተደመረ ቢሄድ፣ በዓመቱ ዕዳው ከ31,000 ብር በላይ ይሆናል። ወለድ እንዴት እንደሚወልድ ለሌሎች የሚያስረዳ ባለሙያ በዚህ ወጥመድ ሲያዝ ማየት ያሳዝናል።

ወቅትን የሚያውቅ ቤት

የወር ደመወዝተኛ ትልቁ ችግር ገቢው በየወሩ እኩል ሲሆን ወጪው ግን እኩል አለመሆኑ ነው። ነሐሴ ያልቃል፤ ለብቻዋ ደመወዝ የማይከፈልባት ጳጉሜን ትመጣለች፤ ከዚያም መስከረም ሁሉን ይዞ ይደርሳል። የዘመን መለወጫ ዶሮ፣ የልጆች ምዝገባ፣ ደብተርና የደንብ ልብስ፣ ትንሽ ቆይቶም መስቀል። ይህ ወጪ ድንገተኛ አይደለም፤ በየዓመቱ በዚያው ቀን ይመጣል። ሆኖም በየዓመቱ እንደ ድንገተኛ ይቆጠራል፤ በብድርም ይሸፈናል። መሥሪያ ቤት የታወቀ ዕዳ እንደሚመጣበት ካወቀ አስቀድሞ መጠባበቂያ ይይዛል። ቤትም እንዲሁ ማድረግ ይችላል። የመስከረም ወጪ 24,000 ብር ከሆነ በየወሩ 2,000 ብር ለብቻ ይቀመጣል፤ መስከረም ሲመጣም በዓል ብቻ ሆኖ ይመጣል።

የእርጅና ተቀናሽም ከመሥሪያ ቤት ወደ ቤት ሊገባ የሚገባው ዕውቀት ነው። 48,000 ብር የተገዛ ማቀዝቀዣ ለስምንት ዓመት ያገለግላል ቢባል፣ በየወሩ 500 ብር ያህል ያረጃል። የሚያረጅ ነገር ሁሉ፣ ጣራውም ጫማውም፣ ዝም ብሎ ዕዳ እየሆነ ነው። ይህን ገንዘብ በየወሩ የሚያስቀምጥ ሰው ዕቃው በተበላሸ ቀን አይደነግጥም፤ የዋጋው ጭማሪ ትንሽ ቢያስጨምረውም ከባዶ አይነሣም።

እንዲህ ያለው ዕቅድ ከውጭ የመጣ ትምህርት እንዳይመስል፣ ወደ ጓዳ ገብቶ ማየት ይበቃል። በበጋ ዛላ በርበሬ ገዝታ፣ ቀንጥሳና አስጥታ፣ ደልዛና አስፈጭታ ለዓመት የምታኖር እመቤት፤ ሽሮዋንና ድርቆሿን ከክረምት በፊት የምታሰናዳ እመቤት፤ ጤፍ አዝመራው ገብቶ ገበያው በሚረጋጋበት በታኅሣሥና በጥር ገዝታ የሐምሌንና የነሐሴን ውድ ገበያ የምታልፍ እመቤት፣ ስሙን ሳትጠራው በጀት እያወጣች ነው። በሬ በጋራ ገዝተው ለበዓል ቅርጫ የሚካፈሉ ጎረቤታሞችም የጅምላ ግዢን ጥቅም ከመጽሐፍ አልተማሩትም። የዛሬው ከተሜ ባለሙያ ይህን ዕውቀት «የድሮ» ብሎ ትቶ፣ በየቀኑ በኪሎና በግማሽ ኪሎ ከሱቅ እየገዛ፣ ለሻጩ የማከማቻውንም የችርቻሮውንም ትርፍ ይከፍላል። እርግጥ ነው፤ ኩንታል ጤፍ በአንድ ጊዜ ለመግዛት ገንዘብ ያስፈልጋል። ለዚህም ሁለት ሦስት ጎረቤቶች ቢተባበሩ ይበቃሉ።

የገንዘብ መሟሟት

ቁጠባ ሲባል ሌላ ጠላትም እንዳለ መዘንጋት አይገባም። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ለተቀማጭ የሚከፈለውን ዝቅተኛ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አደረገ። በ2014 ዓ.ም. ግን የዋጋ ጭማሪው በዓመት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። ለዚህ ሒሳብ አንድ አሮጌ መሣሪያ አለ። ሉካ ፓቾሊ የተባለው የኢጣልያ የሒሳብ ሊቅ፣ የድርብ ሒሳብ አመዘጋገብን ባስረዳበትና በ1494 እ.ኤ.አ. በቬኒስ በታተመው መጽሐፉ፣ አንድ ገንዘብ በስንት ዓመት እጥፍ እንደሚሆን ለመገመት 72ን በወለዱ መጠን ማካፈል እንደሚበቃ ጽፏል። በዚህ መሠረት በ7 በመቶ ወለድ ገንዘብ እጥፍ ለመሆን 10 ዓመት ያህል ይፈልጋል፤ በ30 በመቶ ጭማሪ ግን የዕቃ ዋጋ በሁለት ዓመት ተኩል ያህል እጥፍ ይሆናል። በሌላ አነጋገር፣ 100 ብር አስቀምጦ 107 ብር ያገኘ ሰው፣ ዕቃው 130 ብር ከገባ፣ በእጁ ያለው የሚገዛው የቀድሞውን 82 ብር ያህል ነው።

ከዚህ «እንግዲያስ መቆጠብ ሞኝነት ነው፤ ሁሉንም መብላት ይሻላል» የሚል መደምደሚያ ላይ የሚደርሱ አሉ። ይህ ስሕተት ነው። ትክክለኛው መደምደሚያ ቁጠባን በሁለት መክፈል ነው። የመጀመሪያው የክፉ ቀን ገንዘብ ነው፤ ቢያንስ ለሦስት ወር የግድ ወጪ የሚበቃ ሆኖ በባንክ ይቀመጣል። ይህ ገንዘብ በከፊል ቢሟሟም ዋጋውን አግኝቷል፤ ምክንያቱም የሚገዛው ዕቃ ሳይሆን «አልፈርምም» የማለት ዐቅም ነው። የነጻነት ኪራይ ብሎ መቁጠር ይቻላል። ከዚህ በላይ የሆነው ግን ሳይቆይ ወደሚሠራ ነገር መለወጥ አለበት፤ ወደ መሥሪያ መሣሪያ፣ ወደ ቤት፣ ወደ አስተማማኝ አክሲዮን፣ ወይም ወደ ራስ ትምህርት። እዚህ ላይም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአጭር ጊዜ ብዙ ትርፍ እናስገኛለን የሚሉ ሰዎች ሲመጡ፣ ባለሙያው በሥራ ቦታው የሚጠይቀውን ጥያቄ፣ ማለትም «ሒሳቡን ማን መረመረው?» የሚለውን፣ በራሱ ገንዘብም ላይ ይጠይቅ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የተባለው እንዳይደርስበት ነው።

የማይበደሩት ሀብት

ገንዘብ ቢጎድል ይበደሩታል፤ ሰዓት ግን አበዳሪ የለውም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። በሒሳብ ክፍሎች ዘንድ ግን ብዙው ሠራተኛ ዓመቱን ቀስ ብሎ አሳልፎ፣ ሰኔ 30 ቀን የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ በሐምሌ ሌሊቱን ሲሠራ ይታያል። እንግሊዛዊው የታሪክ ጸሐፊ ኖርዝኮት ፓርኪንሰን በ1955 እ.ኤ.አ. «ዘ ኢኮኖሚስት» በተባለው መጽሔት ላይ ሥራ የተሰጠውን ጊዜ እስኪሞላ ድረስ እንደሚሰፋ እያሾፈ የጻፈው ጽሑፍ እስከ ዛሬ የሚጠቀሰው እውነትነት ስላለው ነው። የአንድ ሰዓት ሥራ ቀን ሙሉ ቢሰጠው ቀን ሙሉ ይፈጃል።

መድኃኒቱ ከገንዘቡ መድኃኒት አይለይም። በመጀመሪያ መመዝገብ ነው። ለአንድ ሳምንት በየሰዓቱ የተሠራውን የጻፈ ሰው፣ ከስምንቱ ሰዓት ስንቱ በእርግጥ ሥራ እንደ ነበረ፣ ስንቱ በስልክ፣ በስብሰባ ጥበቃና በወሬ እንዳለፈ ያያል። ቀጥሎ አስቀድሞ ማንሣት ነው። ማታ ከቢሮ ከመውጣት በፊት የነገውን ሦስት ዋና ሥራ በወረቀት መጻፍ፤ ከሦስቱ ከባዱን ከጧቱ 2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ አእምሮ ሳይደክም፣ ስልክም ተዘግቶ መሥራት፤ ለደብዳቤና ለስልክ መልስ ከሰዓት በኋላ የተወሰነ ሰዓት መመደብ። በመጨረሻም የዓመቱን ሥራ ለወሩ ማካፈል ነው። የባንክ ማስታረቂያውን በየወሩ የሠራ፣ ተሰብሳቢና ተከፋይ ሒሳቡን በየወሩ ያጣራ ሠራተኛ፣ ሐምሌ ሲደርስ አሥራ አንዱን ወር ጨርሷል፤ የቀረው አንዱ ነው።

በዚህ የተረፈው ሰዓት የማን ነው? የአሠሪው ብቻ አይደለም። በጊዜው ቤቱ የገባ አባት ከልጆቹ ጋር ራት ይበላል፤ በጊዜዋ የገባች እናትም እንዲሁ። በዚህ መዝገብ ላይ ይህ የሚጻፈው በትርፍ በኩል ነው።

ዕውቀትም ያረጃል

የሙያ ዕውቀት እንደ ማንኛውም ንብረት የእርጅና ተቀናሽ አለው። የዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎች በኢትዮጵያ በሥራ ላይ መዋል ሲጀምሩ፣ ለብዙ ዓመታት በቀድሞው አሠራር የሠሩ ነባር ባለሙያዎች እንደ ጀማሪ ተማሪ ደብተር ይዘው መቀመጥ ግድ ሆነባቸው። ከዚያ በፊት ጥቂት ጥቂት ሲያነቡ የቆዩት ለውጡን በደስታ ተቀበሉት፤ ሌሎቹ ግን ልምዳቸው በአንድ ጊዜ ከእጃቸው የወጣ መሰላቸው። ዕውቀቱ ያረጀበት ባለሙያም እንደ ባለ ዕዳው ሁሉ «አይሆንም» ለማለት ይፈራል፤ ሌላ ቦታ ሄዶ ለመቀጠር አይተማመንምና።

ለመማር ጊዜ የለኝም የሚል ሰው ሒሳቡን ይሥራ። በቀን ግማሽ ሰዓት፣ በሳምንት ስድስት ቀን ቢያነብ 3 ሰዓት ይሆናል፤ ከዓመቱ ሳምንታት 50ውን ቢጠቀም 150 ሰዓት ያገኛል። ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ ስለ ማስታወስ ችሎታ በራሱ ላይ ያደረገውን ምርምር በ1885 እ.ኤ.አ. ባሳተመ ጊዜ፣ የተጠና ነገር ብዙው የሚረሳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት እንደ ሆነ፣ በቀናት ተከፋፍሎ የተደጋገመ ትምህርትም በአንድ ጊዜ ከተጋተው ይልቅ እንደሚጸና አሳይቷል። ይህን ለአብነት ትምህርት ቤት ተማሪ የሚነግረው አያስፈልገውም ነበር፤ የትናንቱን ቀለም ሳያጸና የዛሬውን ለመቀበል አይቸኩልምና። እንግዲህ ለፈተና ሦስት ሌሊት ከማደር በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ማንበብና የቀደመውን መከለስ ይበልጣል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ምሳሌ ለዚህ የተነገረ ያህል ነው።

የጳጉሜን መዝጊያ

መንግሥት መዝገቡን ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል። ቤትም የራሱ መዝጊያ ቀን ያስፈልገዋል። ለዚህ ከጳጉሜን የተሻለ ጊዜ አይገኝም። አምስት፣ አንዳንዴም ስድስት ቀን ናት፤ ከአሮጌው ዓመት ወጥታ ወደ አዲሱ ሳትገባ በመካከል ቆማለች።

በጳጉሜን ባልና ሚስት አንድ ማታ ይቀመጡ፤ ብቻውን የሚኖርም ከሚያምነው ወንድም ወይም እኅት ጋር ይቀመጥ። ደብተሩ ይከፈት። ያለው ሁሉ በአንድ በኩል፣ ዕዳው ሁሉ በሌላ በኩል ይጻፍ። በዚያ ማታ ሊደረግ የማይገባው አንድ ነገር መወቃቀስ ነው፤ ኦዲተር ጉድለትን ያሳያል እንጂ አይሳደብም። ከዚያ በኋላ ሦስት ጥያቄ ይጠየቅ። ዛሬ ደመወዝ ቢቋረጥ ይህ ቤት ስንት ወር ይቆማል? በሚመጣው ዓመት በቁርጥ የሚታወቁት ወጪዎች የትኞቹ ናቸው? በዓመቱ መጨረሻ እያንዳንዱ ሰው ዛሬ የማያውቀውን ምን ዐውቆ ይገኛል? የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ዘንድሮ ግማሽ ወር ሆኖ በሚቀጥለው ጳጉሜን አንድ ወር ቢሆን፣ ያ ቤት በነጻነት በኩል እጥፍ አድጓል።

ማኅበሩም በበኩሉ የሚያደርገው አለ። የአባላት የቁጠባና ብድር ማኅበር ማቋቋም፣ ያለውንም ማጠናከር አንዱ ነው። ከዚህ የማያንሰው ደግሞ፣ አንድ አባል «ተቸግሬአለሁ» ብሎ በምስጢር የሚናገርበትና ሳይናቅ የሚሰማበት በር መክፈት ነው። ክሬሲ ካነጋገራቸው እስረኞች መካከል ችግሩን በጊዜው ለሌላ ሰው ለመንገር የቻለ ቢኖር ኖሮ፣ ምናልባት እስር ቤት ባልተገኘ ነበር።

አንድ ቀን በእያንዳንዱ ባለሙያ ጠረጴዛ ላይ መፈረም የማይገባው ወረቀት ይመጣል። ያን ቀን የሚያስፈልገውን ድፍረት በዚያው ሰዓት ማበጀት አይቻልም፤ አስቀድሞ፣ በየወሩ፣ ከደመወዙም ከሰዓቱም ከዕውቀቱም ጥቂት ጥቂት ተነሥቶ የተቀመጠ መሆን አለበት።